የጎደለው ደመወዝ እና የስድስት ወሩ ይርጋ

ወር ሲያልቅ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የምሳ ሰዓት ከሌላው ቀን ይለያል። ምሳ ዕቃው ሳይከፈት ስልኩ ይከፈታል። «ገባልሽ?» «ገና።» «ለእኔስ ገብቷል፤ ግን እስቲ ይሄን እዪው።» ከባንክ የመጣው አጭር መልእክት የያዘው አንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ካለፈው ወር ያንሳል። በስንት እንዳነሰ ለማስላት ወረቀትና እርሳስ አያስፈልግም፤ ለምን እንዳነሰ ግን መልእክቱ አይናገርም። አንዷ የታክስ ነው ትላለች። ሌላዋ መብራት ጠፍቶ የተቀመጥንበትን ቀን ቆርጠውብን ነው ባይ ናት። ሱፐርቫይዘሩ ሲጠየቅ ወደ ሂሳብ ክፍል ይመራል፣ ሂሳብ ክፍል ወደ ሰው ኃይል ይልካል፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው።

ደመወዝ በፖስታ ታሽጎ በመስኮት በሚሰጥበት ዘመን ሠራተኛው ብሩን ከመያዙ በፊት ፔሮል ላይ ይፈርም ነበር። መዝገቡ ፊት ለፊቱ ስለሚዘረጋ ምን እንደተቆረጠበት ያያል፤ ካልገባውም ከኋላው የተሰለፈው ሰው እያጉረመረመ እንኳ ቆሞ ይጠይቃል። አሁን ብሩ በቀጥታ ባንክ ይገባል። ሰልፉ ቀርቷል፤ የመጠየቂያዋ ደቂቃም አብራ ቀርታለች።

ከቦሌ ለሚ እስከ ሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ በሆቴሎች፣ በግል ትምህርት ቤቶችና በጥበቃ ድርጅቶች ስለዚህ ጉዳይ ሁለት አባባሎች ይሰማሉ። አንደኛው «ደመወዝ አንዴ ከተሰጠ አይቀነስም» ይላል። ሁለተኛው «ብሩ የባለቤቱ ነው፤ ካልተስማማህ በሩ ክፍት ነው» የሚል ነው። የመጀመሪያው እውነትነት ቢኖረውም ብዙ ቀዳዳ አለው። ሁለተኛው ሕግ አይደለም፤ ግን ብዙ ሰው እንደ ሕግ ተቀብሎት ይኖራል።

በስሙ የማይመጣ ቅነሳ

«ደመወዛችሁን ቀንሰናል» ብሎ ደብዳቤ የሚጽፍ አሠሪ ብዙ አይገኝም። ቅነሳው «የመዋቅር ማስተካከያ»፣ «አዲስ ምደባ»፣ «የአበል ክለሳ» ወይም «ጊዜያዊ እርምጃ» ተብሎ ይመጣል። አንዳንዴ ስም እንኳ አይሰጠውም፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል ወይም በድርጅቱ የቴሌግራም ግሩፕ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይጻፋል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእንዲህ ዓይነቱ ለውጥ ጠባብ በር ነው የከፈተው። አዋጁ የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት የልማት ድርጅቶችን ሠራተኞች ይመለከታል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራው ሲቪል ሰርቫንት የራሱ ሕግ አለው። በአንቀጽ 15 መሠረት በአዋጁ ያልተወሰኑ የሥራ ውል ሁኔታዎች የሚሻሻሉት በኅብረት ስምምነት፣ በአዋጁ መሠረት በወጣ የሥራ ደንብ ወይም ሁለቱ ወገኖች በጽሑፍ በሚያደርጉት ስምምነት ነው። ሰሌዳው፣ የስብሰባው ንግግርና ቴሌግራሙ ከእነዚህ ውስጥ የሉም።

ከሦስቱ መንገዶች ብዙ ክርክር የሚያስነሳው የሥራ ደንቡ ነው። ደንቡ ድርጅቱ ውስጥ ደመወዝ እንዴት እንደሚከፈልና ሥራ እንዴት እንደሚለካ ይደነግጋል። አንዳንድ አሠሪዎች ከዚህ ተነስተው መጠኑንም በደንብ መቀነስ እንችላለን ይላሉ፤ የሠራተኛ ጠበቆች ደግሞ አንድ ሰው በውሉ ያገኘው የደመወዝ ልክ ባልፈረመበት ወረቀት አይወርድም ብለው ይሟገታሉ። ድርጅቱ ባለቤት ሲቀይር ግን ጥርጣሬ የለም። በውህደት፣ በክፍፍል ወይም በሽያጭ ምክንያት የሥራ ውል አይለወጥም። «እኔ የገዛሁት ሆቴሉን ነው፤ የድሮውን ደመወዝ አላውቅም» የሚለው አዲስ ባለቤት ከሕንፃው ጋር ውሎቹንም ተረክቧል።

በቃል ብቻ የተቀጠረ ሠራተኛስ? አዋጁ የጽሑፍ ውል ላልተሰጠው ሠራተኛ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነትና የደመወዙን መጠን የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ እንዲሰጠው ያዛል። አሠሪው ይህን ባያደርግ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ውል ለሌለው ሰው ታዲያ ትልቁ ማስረጃው ያው ዝምተኛው ባንክ ነው። ለአሥር ወራት አንድ ዓይነት መጠን ገብቶ በአሥራ አንደኛው ወር የወረደበት የሂሳብ መግለጫ ቢያንስ ቀኑን በትክክል ያሳያል።

የአሠሪዎቹ ወገን የሚለው አለው። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ሲጠብቅ ከርሞ የጥሬ ዕቃ ዋጋ በእጥፍ የጨመረበት የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት «ደመወዝ ካልቀነስኩ ሰው ልቀንስ ነው» ሲል ሁልጊዜ ማስፈራሪያው አይደለም። ሕጉም ይህን መንገድ አልዘጋበትም፤ ተነጋገር፣ ጻፍ፣ አስፈርም ነው የሚለው። ችግሩ አፈራረሙ ላይ ነው። ሁለት መቶ ሠራተኛ ተሰልፎ፣ ወረቀቱን ሳያነብ፣ ከኋላ እየተገፋ የሚያኖረው ፊርማ በወረቀት ላይ ስምምነት ይባል እንጂ ስምምነት ብሎ መጥራቱ ይከብዳል። እውነተኛ የሆነ ጊዜያዊ ቅነሳ ምን ያህል እንደተቀነሰ፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚቆይና የድሮው ደመወዝ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ ይናገራል። «ሁኔታዎች እስኪሻሻሉ» የሚለው ሐረግ ቀን የለውም፤ ቀን የሌለውን ነገር ደግሞ ማስፈጸም አይቻልም።

አበል የተባለው ግማሽ

አሁን አሁን የቅጥር ደብዳቤዎች ላይ መሠረታዊ ደመወዙ ትንሽ፣ አበሉ ትልቅ ሆኖ ይታያል። እንበል አንድ የሽያጭ ሠራተኛ በወር 10,000 ብር ተባለ። ደብዳቤው ሲከፈት ደመወዙ 4,000 ሲሆን የቀረው የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የስልክና የኃላፊነት አበል ነው። በእጅ የሚገባው ያው ስለሆነ ለሠራተኛው ልዩነቱ አይታየውም። ለሂሳብ ክፍሉ ግን ልዩነቱ ብዙ ነው።

አንቀጽ 53 ደመወዝን ሠራተኛው ለሠራው ሥራ የሚከፈለው መደበኛ ክፍያ ብሎ ይተረጉመዋል። ቀጥሎም የትርፍ ሰዓት ክፍያን፣ የውሎ አበልን፣ የትራንስፖርትና የአስቸጋሪ ሁኔታ አበልን፣ ቦነስን፣ ኮሚሽንን፣ ሌሎች ማበረታቻዎችንና ከደንበኛ የሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያን ከደመወዝ ትርጉም ያወጣቸዋል። የሆቴል አስተናጋጆች «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚሉት ገንዘብ ከወር ገቢያቸው ትልቁን ድርሻ ቢይዝም በሕጉ ዓይን ደመወዝ አይደለም። የትርፍ ሰዓት የሚባዛው በመሠረታዊው ላይ ነው። የስንብት ክፍያም ሆነ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት ጡረታ የሚሰላው በዚያው ላይ ነው።

«ደመወዛችሁን አልነካንም፤ አበሉን ነው ያነሳነው።»

ቀውስ ሲመጣ ከሰው ኃይል ክፍል የሚሰማው ይህ ነው፤ በቃላት ደረጃም እውነት ነው። ደመወዝ አይደለም ማለት ግን አይከፈልም ማለት አይደለም። አበሉ በቅጥር ደብዳቤ ወይም በኅብረት ስምምነት ከተጻፈ የውሉ አካል ነው፤ እሱንም ለማንሳት አንቀጽ 15ን ማለፍ ግድ ይላል። አበሉ በልማድ ብቻ ሲሰጥ የኖረ ከሆነ ሠራተኛው በጣም ይቸገራል። ስለዚህ ሥራ ሲጀመር በድርድሩ ጠረጴዛ ላይ «በእጄ ስንት ይገባል?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ከዚያ ውስጥ ደመወዝ የሚባለው ስንቱ ነው?» የሚለውም መነሳት ነበረበት። ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት የቆየ ሰው ይህን ለመጠየቅ ድፍረቱን ከየት ያመጣል የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው።

ከሲሶ በላይ አይነካም

አስተናጋጁ አንድ ጠረጴዛ ሳይከፍል ሄዶበታል። ካሸሯ ማታ ስትቆጥር ሦስት መቶ ብር ጎድሎባታል። የነዳጅ ማደያው ቀጂ የቆጣሪው ንባብና የያዘው ብር አልገጠመለትም። ሾፌሩ ፍሬቻ አሰብሯል። ወሩ ሲያልቅ አራቱም ጋ «ጉድለት» የተባለ ቅናሽ ይደርሳል፤ አንዳቸውም ግን መቼ እንደተስማሙ አያስታውሱም።

ከደመወዝ ላይ ገንዘብ መቁረጥ፣ መያዝ ወይም በዕዳ ማቻቻል በአንቀጽ 59 የተከለከለ ነው። ፈቃዱ የሚገኘው ከሕግ፣ ከኅብረት ስምምነት፣ ከሥራ ደንብ፣ ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ከሰጠው ስምምነት ነው። ግብርና ጡረታ በሕግ፣ የልጅ ቀለብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር ተቆራጭ በሠራተኛው ፊርማ ይቆረጣሉ። የተሰበረው ብርጭቆ ግን ከእነዚህ በአንዱ ካልተደገፈ ሥራ አስኪያጁ ስለተናደደ ብቻ አይቆረጥም። ሕጋዊ ምክንያት ቢኖርም በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ሲደመር ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ሲሶው ለዕዳው፣ የቀረው ለቤቱ ነው።

አሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ፊርማውን ቀድመው ያስቀምጡታል። በቅጥሩ ቀን ከሚፈረሙት ወረቀቶች መካከል «ለሚደርሰው ማንኛውም ጉድለት ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የሚል አንድ ገጽ አለ። ከዓመት በፊት፣ መጠኑና ምክንያቱ ሳይታወቅ የተሰጠ እንዲህ ያለ ጥቅል ፈቃድ ነገ ለሚፈጠር ጉድለት ይበቃል ወይ የሚለው ብዙ ክርክር ያስነሳል። ሠራተኛው ግን ብዙ ጊዜ ወረቀቱን መፈረሙን ራሱ ረስቶታል።

ማሽኑ የቆመበት ቀን ደመወዝ የማን ነው?

ወደ መጀመሪያዋ ሠራተኛ እና መብራት ወደጠፋበት ቀን እንመለስ። መርሁ ደመወዝ ለተሠራ ሥራ ይከፈላል የሚል ነው። አንቀጽ 54 ግን ከዚህ ላይ አንድ ነገር ያክላል፤ ሠራተኛው ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ሳለ መሣሪያ ወይም ጥሬ ዕቃ ስለተቋረጠ፣ ወይም ከእሱ ባልመጣ ሌላ ምክንያት ሳይሠራ ቢውል ደመወዙን ያገኛል። ክሩ ጂቡቲ ወደብ ላይ ቢዘገይ ወይም ትራንስፎርመር ቢቃጠል ጥፋቱ መርፌዋን ይዛ የተቀመጠችው ሴት አይደለም።

ታዲያ ፋብሪካዎች ሲቆሙ ሠራተኞች ያለ ደመወዝ ለወራት ቤታቸው ሲቀመጡ የምናየው ለምንድን ነው? ሕጉ ሌላ በር ስላለው ነው፤ እሱም የሥራ ውልን ለጊዜው ማገድ ይባላል። ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ወይም አሠሪው ሳያጠፋ የደረሰበት የገንዘብ ችግር ሥራውን ቢያንስ ለ10 ተከታታይ ቀናት የሚያስቆም ከሆነ የመሥራትም የመክፈልም ግዴታ አብሮ ይታገዳል። በሩ ግን ተቆጣጣሪ አለው። አሠሪው በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ጉዳዩን ለሚመለከተው የሠራተኛ ጉዳይ ባለሥልጣን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ባለሥልጣኑ ምክንያቱ በቂ አይደለም ካለ ሥራው እንዲቀጥልና ታግደው የቆዩባቸው ቀናት እንዲከፈሉ ያዛል። በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መልስ ካልሰጠ ግን እንደፈቀደ ይቆጠራል፤ አጣሪ ባነሰበት ቢሮ ይህች አንቀጽ ለማን እንደምታዳላ ግልጽ ነው። እገዳው ከ90 ቀናት ማለፍ አይችልም።

ሠራተኞች በጅምላ ይህን ልዩነት የተማሩባቸው ጊዜያት ነበሩ። መጋቢት 2012 ኮቪድ ሲገባ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። በወሩ ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ እሱን ተከትሎ የወጣው ደንብም ሠራተኛ ማሰናበትን ከለከለ። ማሰናበት ሲከለከል ግፊቱ ደመወዝ ላይ አረፈ፤ «ግማሽ ደመወዝ» የሚለው ቃል በየሆቴሉ የተለመደው ያኔ ነው። ኅዳር 2014 በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርክ ትልቅ ስም የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ በአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሏን አጣች። ትዕዛዝ ሲደርቅ መጀመሪያ የሚቀረው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ የምርት ማበረታቻው ይሄዳል፣ በመጨረሻ «እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ» ይባላል።

ጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም ጉዳዩ የተማረውን ክፍል አንኳኳ። በፕሮጀክት የተቀጠሩ ብዙ ባለሙያዎች «ያለ ደመወዝ ፈቃድ» የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። አዋጁ ያለ ደመወዝ ፈቃድን የውል ማገጃ ምክንያት አድርጎ ይቀበለዋል፤ ግን ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ሲፈቅድ ነው። ያልተጠየቀ ፈቃድ በግድ ሲሰጥ ፈቃድነቱ ይቀራል። የገንዘብ ምንጩ የደረቀበት ድርጅት መሄጃው የእገዳው መንገድ፣ ካልሆነም ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ ያለበት የሠራተኛ ቅነሳ ነበር። ዲግሪ ያለው ባለሙያ ይህን ከስፌት ሠራተኛዋ በተሻለ ያውቃል ብሎ ማሰብ አያስኬድም፤ ብዙዎቹ ደብዳቤውን ፈርመው ተቀብለዋል።

ስድስት ወር

ሠራተኞች ከሚያምኗቸው የተሳሳቱ ነገሮች ትልቁ «ፈርሜ ስለተቀበልኩ አለቀ» የሚለው ነው። አንቀጽ 60 አሠሪው ጠቅላላ ክፍያውን፣ የስሌቱን ዘዴ፣ ተቆራጮቹንና የተጣራውን የያዘ የደመወዝ መዝገብ እንዲኖረው ያስገድዳል። ሠራተኛው ሲጠይቅ መዝገቡን ማሳየትና ማብራራትም ግዴታው ነው። ከዚህ በኋላ ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ሐሳብ ይመጣል፤ ሠራተኛው በመዝገቡ ላይ የሰፈረውን ገንዘብ ሳይቃወም መቀበሉ ከሚገባው የቀረውን እንደተወ አያስቆጥርበትም። ሕጉ የደሀን ዝምታ እንደ ስምምነት አላየውም።

«ዝም ብሎ የተቀበለ አልተወም። ዝም ብሎ ስድስት ወር የቆየ ግን ያጣል።»

የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይህ የሚቆጠረው ለየወሩ ክፍያ ለብቻው ነው። በመስከረም ደመወዙ ተቀንሶ እስከ ሐምሌ የቆየ ሰው ክስ ሲመሠርት የመጋቢትንና የሚያዝያን ያገኝ ይሆናል፤ የጥቅምቱና የኅዳሩ ግን ሄዷል። «አለቃዬ እናስተካክላለን ብሎኝ ነበር» የሚለው ችሎት ፊት በተደጋጋሚ የሚሰማ መልስ ነው፤ የቃል ተስፋ ግን ይርጋን አያቆምም። የሚያቋርጠው ለሚመለከተው ባለሥልጣን ወይም ለሥራ ክርክር ሰሚ አካል አቤቱታ ማቅረብ፣ አለዚያም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ይታሰብላችኋል» ብሎ ከሰው ኃይል የተላከ አንድ መስመር ደብዳቤ ከአሥር ስብሰባ ይበልጥ ሊረዳ የሚችለው ለዚህ ነው።

ችሎት ደጃፍ

የሥራ ክርክር ችሎቶች ባሉባቸው ፍርድ ቤቶች አጥር ውጭ አቤቱታ ጸሐፊዎች ጃንጥላና ኮምፒውተር ይዘው ይቀመጣሉ። ባለጉዳዩ ታሪኩን ከልጅነቱ ይጀምራል፤ ጸሐፊው ግን «ደመወዝህ ስንት ነበር? ከመቼ ጀምሮ ተቀነሰ? ወረቀት አለህ?» ብሎ ይቆርጠዋል። ሕጉ ሠራተኛውን ከዳኝነት ክፍያ ነፃ አድርጎታል፤ ችሎቱም የግል ክርክርን በ60 ቀናት እንዲወስን ይጠብቅበታል። ቀጠሮ የተመላለሰ ሰው ስለ 60ዎቹ ቀናት የራሱ አስተያየት አለው።

ቀሪው ፍርሃት ነው። ከሥራው ሳይወጣ አሠሪውን የሚከስ ጥቂት ነው። አቤቱታ ማቅረብ ወይም በክስ ሂደት መሳተፍ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን አንቀጽ 26 በግልጽ ቢደነግግም፣ ከሳሹ ከሁለት ወር በኋላ «በሥራ አፈጻጸም ድክመት» ሲወጣ ግንኙነቱን ማስረዳቱ የእሱ ፋንታ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ማኅበር ያለው ፋብሪካ ከሌለው የሚለየው። ማኅበር ለመመሥረት አሥር ሠራተኛ ይበቃል፤ ማኅበሩ ሲጽፍ ደብዳቤው ላይ የአንድ ሰው ስም ብቻ አይታይም። አሠሪው መሠረታዊ ግዴታውን ደጋግሞ ካልተወጣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ለቅቆ የስንብት ክፍያና ካሣ መጠየቅም ይችላል። ነገር ግን በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ያልፋል፤ ተናድዶ ወጥቶ ከወር በኋላ ምክር የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው «ዘግይተሃል» የሚለውን ነው።

ወለሉ የሌለ ቤት

ቅነሳ እስከ የት ድረስ ሊወርድ ይችላል? ለግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ እስከ 2017 ዓ.ም. ድረስ አልተወሰነም። አዋጁ የመንግሥት፣ የአሠሪዎችና የሠራተኞች ተወካዮች የሚገኙበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም አዝዟል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ ኢሠማኮ፣ ይህን በየሜይ ዴይ ያነሳዋል። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሐዋሳን የስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ሲያገኘው ከዓለም የልብስ ፋብሪካዎች ዝቅተኛው ነው ብሎ ነበር። ከዚህ የሚቀነስ ምን አለ ያለ ሰው ካለ ምላሹን ሠራተኞቹ ያውቁታል፤ የመገኘት ማበረታቻው፣ የምግቡና የትራንስፖርቱ ድጎማ አለ። የቤት ሠራተኞች ደግሞ በአዋጁ ጥላ ሥር እንኳ አልገቡም።

የቅነሳው ዕድሜም ከወሩ ያልፋል። የስንብት ክፍያ የሚገባው ሠራተኛ ሲወጣ ስሌቱ የሚነሳው ከመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ ነው። አሥራ አምስት ዓመት በሙሉ ደመወዝ ሠርቶ በመጨረሻዎቹ ወራት የተቀነሰበት ሰው አሥራ አምስቱም ዓመት በተቀነሰው ይሰላለታል። የጡረታ አበሉም ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው የሚወጣው፤ «ጊዜያዊ» ተብሎ ገብቶ ሳይነሳ የቀረ ቅነሳ ጡረተኛው በሕይወት እስካለ ድረስ በየወሩ ይቆጠርበታል።